ቴምብር አይላጥም

እኔ ሱሪዬን ፍራሽ ሥር አንጥፌ፣ ተኝቼበት የምተኩስ ሰው ነኝ። ይህን ከመጀመሪያው የምናገረው ኋላ ስለሚያስፈልገን ነው። ደግሞ እንዳትስቁ፤ ወንደላጤ ሆኖ ቦንጋ የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። የኤሌክትሪክ ካውያ ቢኖርህ መብራቱ ሲያሰኘው መጥቶ ሲያሰኘው ይሄዳል። የከሰል ካውያ ብትይዝ ከሰሉ በዝናቡ ረጥቦ ሲያጨስብህ ይውላል። ፍራሽ ግን አያሳፍርም። ማታ ሱሪህን በመስመሩ አስተካክለህ ታነጥፋለህ፣ ሳትገላበጥ ትተኛበታለህ፣ ጠዋት ስታወጣው መስመሩ ሽንኩርት ይቆርጣል። መሥሪያ ቤት ውስጥ በሥራዬ ያመሰገነኝ ሰው ትዝ አይለኝም፤ በሱሪዬ መስመር ግን ስሜ የታወቀ ነበር።

ጊዜው ሞባይል ስልክ ቦንጋ ሳይደርስ፣ ሰው ናፍቆቱን በፖስታ የሚልክበት ነው። ኮሌጅ ጨርሼ ዞኑ ካሉት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ ተመድቤ መጣሁ። የትኛው እንደሆነ አልናገርም፤ እዚያ ያሉ ወዳጆቼ ዛሬም ሰላም ይሉኛል፣ ሰላምታቸው እንዲቀርብኝ አልፈልግም። የተከራየሁት ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ነበር። መምህሩ ጋሽ ወልዴ ይባላሉ።

ስለ ጋሽ ወልዴ ሳወራ ልክ አላውቅም፤ ቻሉኝ። ሰውዬው ቴምብር ይሰበስባሉ። ታዲያ እንደ ማንኛውም ሰብሳቢ እንዳይመስላችሁ። እጃቸውን ሳይታጠቡ አልበማቸውን አይነኩም፤ ሲከፍቱትም ድምፃቸው ዝቅ ይላል። እያንዳንዷ ቴምብር ከየት ተነስታ እንደመጣች፣ ማን እንደላካት፣ ደብዳቤው ደስታ ይሁን መርዶ አንድ በአንድ ያውቃሉ። አዲስ ቴምብር ብትሰጧቸው አመስግነው ይመልሱላችኋል። ማኅተም ያረፈበት ካልሆነ አይፈልጉም።

«ቴምብር የተሠራው እንዲሄድ ነው» ይላሉ። «ማኅተም ያላረፈበት ቴምብርና ሚስት ያላገባ ወንድ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም የትም አልደረሱም።» ይህን ሲሉ ታዲያ የሚያዩት እኔን ነው።

አንድ ነገር ግን ጎድሎባቸዋል። አራት የቡና ቴምብሮች ነበሩ፤ ችግኙ፣ አበባው፣ ቀይ ፍሬው፣ ስጡ። ሦስቱ አሏቸው። ቀይ ፍሬው የለም። ግቢያቸው ውስጥ ያለው ቡና ቀልቶ ቀልቶ ወፍ ይለቅመዋል፣ አልበሙ ላይ ግን የፍሬው ቦታ ባዶ ነው። «የካፋ ሰው ሆኜ ፍሬው ይጉደልብኝ?» እያሉ ያቺን ባዶ ቦታ በጣታቸው ይዳብሷታል።

ፍሬው ደግሞ የት እንዳለ አሳምረው ያውቁ ነበር። ዋጫ ከተማ ነው ያለው፣ ከተማሪ ቤት ጀምሮ ጓደኛቸው ከሆኑት ከጋሽ አደሎ ዘንድ። ጋሽ አደሎ የቡና ገበሬ ናቸው፤ በጓደኛቸው በሽታ ተይዘው እሳቸውም ይሰበስባሉ። ያቺን ቴምብር ያኔ እንደወጣች በአዲስነቷ አግኝተው አስቀምጠዋታል። ውሰዳት ብለው ስንት ዓመት ለምነዋል። ጋሽ ወልዴ እምቢ። ያልተጓዘች አልቀበልም። እኔ ጭቅጭቃቸውን በወሬ ነው የሰማሁት፤ ጋሽ አደሎን በዓይኔ አይቻቸው አላውቅም።

አንድ ሐሙስ ከዋጫ ደብዳቤ መጣ። ፖስታው ላይ ቀይዋ ፍሬ ተለጥፋለች፤ ማኅተሙ ጥጓ ላይ ለስለስ ብሎ አርፏል። ውስጡ ያለው ወረቀት አጭር ነበር። «እነሆ ተጓዘችልህ። ቅዳሜ መጥቼ በቦታዋ ላያት።» ሰውዬው ያለቻቸውን አንዲት ፍሬ ምራቅ አስነክተው ለጥፈው ላኩላቸው፤ ያውም ጋሽ ወልዴ ራሳቸው ባወጡት ሕግ ተሸንፈው። እንዲህ ያለ ጓደኛ እኔም በኖረኝ ብዬ ቀናሁ፣ አልዋሽም።

ጋሽ ወልዴ ፖስታውን ይዘው ብዙ ቆዩ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ድሮም በዚያ ዓመት ማንቀጥቀጥ ጀምሯቸው ነበር፤ የዚያን ቀን ግን ወረቀቱ ድምፅ እስኪያሰማ ድረስ ተንቀጠቀጠ። አይተው አይተው ወደ እኔ ዘረጉት።

«አንተ አላቅልኝ» አሉ። «የኔ እጅ ይቀዳታል። ስማኝ፤ ቴምብር አይላጥም። ለብ ያለ ውሃ ላይ አስተኛት፣ ራሷ ስትፈልግ ትለቃለች። ከለቀቀች በኋላ ጀርባዋን በጣትህ አሸት አሸት አድርገህ ሙጫዋን አውርድላት።»

«አውቃለሁ ጋሽዬ» አልኩ። አላውቅም ነበር። ግን ኮሌጅ የጨረሰ ሰው ቴምብር መንከር አላውቅም ይላል?

እንደተማረ ሰው መጀመሪያ ሙከራ ላድርግ ብዬ ከቢሮ ያጠራቀምኳቸውን ፖስታዎች ሁሉ ሳህን ውስጥ ዘፈዘፍኩ። ለብ ያለ ከሚሉ ፍል ያለ ይሻላል በሚል የፈላ ውሃ ቸለስኩበት። ከፖስታዎቹ መሀል አንድ ደማቅ ቀይ የሰርግ መጥሪያ ነበረበት፤ ቀለሙን ሲለቅ ጊዜ ሳህኑ ሙሉ ከርካዴ የተጠመቀበት መሰለ። የዋልያው ቴምብር ሮዝ ወጣ። ጭላዳው ሮዝ ወጣ። ሰማያዊው የጢስ እሳት ፏፏቴ ግራ የገባው ወይን ጠጅ ሆነ። ጋሽ ወልዴ በመስኮት ብቅ ብለው አዩና፣ እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ስመኝ፣ ሮዙን ዋልያ በጣታቸው አንስተው በብርሃን አዩት። «የሰርግ ፖስታ ነክረሃል። ሰርግ አሰኝቶህ እንደሆነ ንገረን እንጂ» አሉና ዋልያውን ይዘው ሄዱ። አልበማቸው የመጨረሻ ገጽ ላይ ዛሬም አለ። እኔ በሳቸው ቦታ ብሆን የቀይ ፍሬዋን ፖስታ ነጥቄ እሄድ ነበር። እሳቸው ግን አንዴ ከሰጡ ሰጡ ነው።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ትምህርቴን ወስጄ ቀይ ፍሬዋን ብቻዋን ነከርኳት። ውሃውን በክርኔ ሳይቀር ለካሁት፣ ሕፃን እንደሚያጥቡት። ትንሽ ቆይታ ዳሯ ተነሳ፤ ከዚያ ወረቀቷን ትታ ቀስ ብላ ተንሸራተተች። ደስታዬን ምን ልበላችሁ። ሙጫዋን ማሸት ሲመጣ ግን ፈራሁ። ብትቀደድስ? ትንሽ ሙጫ ማንን ገደለ ብዬ ተውኩት።

ቀጥሎ ማድረቅ ነው። ቦንጋ ላይ በዝናብ ወራት የሚያደርቅ ነገር ስብሰባ ብቻ ነው። አጥር ላይ የሰቀልከው ካልሲ ከሰቀልከው ቀን ይልቅ ይረጥባል። እሳት ዳር ባደርጋት ትጠቀለላለች። ፍራሼ ትዝ አለኝ። አንሶላ የሚያክለውን ሱሪ ቀጥ የሚያደርግ ፍራሽ አንዲት ቴምብር ያቅተዋል? ፍራሼን ገልጬ ጋዜጣ አነጠፍኩ። ሙጫዋ ጋዜጣው ላይ እንዳይጣበቅ ደግሞ ብልጠቴን ተመልከቱልኝ፤ ሥዕሏን ወደ ታች፣ ሙጫዋን ወደ ላይ አድርጌ አስተኛኋት። ከዚያ እንደ ልማዴ ለቅዳሜ የምለብሰውን ካኪ ሱሪ በመስመሩ አስተካክዬ ከላይ አነጠፍኩና ሳልገላበጥ ተኛሁ።

አዎ። እናንተ ገብቷችኋል። እኔ ግን አልገባኝም።

ቅዳሜ ጠዋት መብራት የለም፣ ግምገማ ግን አለ። በዚያ ዘመን የመንግሥት ሠራተኛ የነበረ ሰው ግምገማ ሲባል ሆዱ ምን ይል እንደነበር አይጠፋውም። በጨለማ ዳብሼ ሱሪዬን ከፍራሹ ሥር መዥረጥ አደረግኩና ለብሼ ሮጥኩ። ቴምብሯ ጋዜጣዋ ላይ ተኝታለች ብዬ ልቤ ሙሉ ነው።

ተራዬ ሲደርስ ግለ ሂስ ላደርግ ወጣሁ። ድክመቶችህን ሰሌዳው ላይ ዘርዝር ተባልኩ። ጀርባዬን ለቤቱ ሰጥቼ «አንደኛ፣ ሰዓት አለማክበር» ብዬ ስጽፍ ከኋላ የታፈነ ሳቅ ሰማሁ። «ሁለተኛ፣ የግልጽነት ችግር» ስል ሳቁ ባሰ። ሰብሳቢው ራሳቸው በፋይል አፋቸውን ሸፈኑ። የደበቅከው ነገር ካለ አሁን አውጣ ሲሉኝ፣ እኔ ሞቅ ብሎኝ «ከፊቴም ከኋላዬም ምንም የደበቅኩት የለም» አልኩ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። በዚያ ግምገማ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ያለፍኩት እኔ ብቻ ነኝ፤ ሳቅ ያፈናት ጸሐፊያችን ስወጣ ተከትላኝ «ይቅርታ አድርግልኝና...» ካለች በኋላ ቀላችና «ተወው በቃ» ብላ ተመለሰች። ወደደችኝ እንዴ ብዬ እያሰብኩ ወደ ቤት ሄድኩ።

ፍራሹን ገለጥኩ። ቴምብር የለም። ጋዜጣም የለም።

እዚህ ላይ የጋሽ ወልዴን ባለቤት ላስተዋውቃችሁ። እትዬ አስካለ ኮረሪማና ጥምዝ የሚባለውን ቅመም ሸጠው ይገባሉ። መጠቅለያ ሲያጡ ከፍራሼ ሥር የማኖረውን አሮጌ ጋዜጣ ይወስዳሉ፤ እኔው ራሴ ይውሰዱ ብዬ ፈቅጃለሁ። የዚያን ቀን ደግሞ በዋጫ መንገድ ላይ የምትገኘው ሺሺንዳ ገበያዋ ነበር። ጋዜጣዬን ከነቴምብሩ ቀዳደው ኮረሪማ ሊጠቀልሉበት ሄደዋል ማለት ነው። ከሰዓት በኋላ ጋሽ አደሎ ቦታዋ ላይ ሊያዩዋት ይመጣሉ። ጋሽ ወልዴ በረንዳው ላይ አልበሙን ከፍተው ባዶዋን ቦታ ሲያፀዱ በመስኮቴ አየሁ። ድምፄን አጥፍቼ በጓሮ ወጣሁና ሚኒባስ ላይ ዘልዬ ወጣሁ።

ሺሺንዳ ስደርስ እትዬ አስካለ መደባቸው ላይ ተቀምጠዋል። ከፊታቸው ቁጢጥ ብዬ ጥቅሎቻቸውን መፍታት ጀመርኩ። ምን ሆንክ፣ ጋሽህ ደህና ናቸው ወይ ቢሉኝ አልመልስም፤ ኮረሪማውን እየዘረገፍኩ ጋዜጣውን ፊትና ኋላ አያለሁ። ያልተሸጠው ውስጥ የለችም። የተሸጠውን ተከትዬ ገበያውን አመስኩት። ከአንድ ቅቤ ነጋዴ ጥቅል ነጥቄ አየሁ፣ ከአንድ የታክሲ ረዳት ኪስ አስወጣሁ። የገበያው ሰው በካፊኖኖ እያወራ ከኋላዬ ይከተለኛል፤ ቋንቋውን ስለማልሰማ የሚያዝኑልኝ መሰለኝ። አንዲት እናት ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ወደ ሱሪዬ ጠቆሙኝ። የሚኒባስ ወንበር ጭቃ ነው ብዬ «ሲደርቅ ይራገፋል እናቴ» አልኳቸው። እሳቸውም ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

አልተገኘችም። ተስፋ ቆርጬ ከዋጫ የመጣ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁና አንድ ቦት ጫማ ያደረጉ አዛውንት አጠገብ ተቀመጥኩ። ፊቴ እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ሰውዬው ምን ሆነሃል ልጄ አሉኝ። እኔ ደግሞ ምን ሆነሃል ካሉኝ አበቃ። ሁሉንም ዘረገፍኩት። ሮዙን ዋልያ፣ ፍራሹን፣ ኮረሪማውን፣ ያቺን ቴምብር በሞኝነት ደብዳቤ ላይ ለጥፈው የላኩትን የዋጫ ሰው ሳይቀር። «እኔ እኮ የማዝነው ለሳቸው ነው» አልኩ። «ያለቻቸው እሷ ነበረች።» አዛውንቱ በመስኮት ወደ ውጭ አዩ።

ቦንጋ ወረድን። እኔ ወደ ሰፈሬ ስታጠፍ እሳቸውም ታጠፉ። ወደየት ነዎት አልኳቸው። ወደዚሁ ነኝ አሉ። በሚቀጥለው መታጠፊያም ወደዚሁ ናቸው። የጋሽ ወልዴ በር ላይ ስንደርስ ሁለታችንም ቆምን። ያኔ ገባኝ። ጋሽ አደሎ ነበሩ። ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት፣ ትልቅ ሰው ሆነው ሳለ እኔን ወጣቱን «አንተ ቅደም» አሉኝ። ተግደርድሬ እምቢ ብል «ቅደም አልኩህ፣ እኔ ከኋላህ ብሆን ይሻለኛል» አሉ። ቀደምኩ። ከኋላዬ እንደ ማሳል ያለ ድምፅ ሰማሁ። በሀዘን ነው ብዬ ይበልጥ አዘንኩላቸው።

ጋሽ ወልዴ ሳሎን ውስጥ ለእንግዳቸው እግር መታጠቢያ በትልቅ ሳፋ ለብ ያለ ውሃ አቅርበው ይጠብቃሉ። አልበሙ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቷል። ሁለቱ ተሳሳሙ፣ ትከሻ ለትከሻ ተገጫጩ። ከዚያ ጋሽ ወልዴ እንደ ልጅ በሚያበራ ዓይን ወደ እኔ ዞሩ።

«ደረቀችልህ?»

«ጠፋች ጋሽዬ» አልኩ።

ጋሽ ወልዴ አልተቆጡም። አልበሙን በቀስታ ዘጉና የተዘጋው ላይ እጃቸውን አሳረፉ። ቢሰድቡኝ እመርጥ ነበር። «ይሁን» አሉ በመጨረሻ። «ልጁ ለፍቷል።»

እንባዬ መጣ። ሳያዩብኝ ልውጣ ብዬ፣ ለታላቅ ሰው ጀርባ መስጠት ነውር ነውና እጅ እየነሳሁ የኋሊት ወደ በሩ መሄድ ጀመርኩ።

«ልጄ፣ ዞር በል» አሉ ጋሽ አደሎ።

«ኧረ ለእናንተማ ጀርባዬን አልሰጥም።»

«ዞር በል እኮ ነው የምልህ።»

«አይደረግም ጋሽዬ፣ አሳዳጊ አለኝ» ብዬ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ስጨምር ተረከዜ ሳፋውን መታና ቁጭ አልኩ። ውሃው መሀል፣ እግሬ ወደ ላይ። ለመነሳት ስፍጨረጨር ጋሽ አደሎ በሁለት እጃቸው ትከሻዬን ጫኑኝ።

«እንዳትነሳ» አሉኝ። ከዚያ ወደ ጓደኛቸው ዞረው «ወልዴ፣ ፍሬህ መጥታለች። ተቀምጦባታል» አሉ። ቀጥለውም ከሚኒባሱ ስወርድ እንዳዩዋት፣ ካኪው ላይ ቀልታ ከነማኅተሟ እንደተለጠፈች፣ ሰፈር ሙሉ ከኋላዬ ሲጠብቋት እንደመጡ ተናገሩ።

ግምገማው ያኔ ገባኝ። ጸሐፊዋ ገባችኝ። ባለነጠላዋ እናት ገቡኝ። የሰውን ልጅ መቀመጫህን እይ ማለት ነውር ነው ብሎ፣ አንድ መሥሪያ ቤትና አንድ ገበያ ሙሉ በይሉኝታ ታፍኖ ዋለ። ብድግ ብዬ ልሮጥ ስል ጋሽ ወልዴ ወንበራቸውን ስበው አጠገቤ ተቀመጡ።

«ትነሳና ወዮልህ» አሉኝ። «ቴምብር አይላጥም። ራሷ ስትፈልግ ትለቃለች።»

እናም ተዘፈዘፍኩ። ለእንግዳ እግር በተዘጋጀ ውሃ ውስጥ ከነካኪ ሱሪዬ ተቀምጬ፣ ሁለቱ ሽማግሌዎች ከራሴ በላይ ቆጮ በማር እየተጎራረሱ ስለ ተማሪ ቤታቸው አወጉ። ለኔም ጎንበስ እያሉ ያጎርሱኝ ነበር። ውሃው ሲቀዘቅዝ ጋሽ ወልዴ ራሳቸው ተነስተው ሙቅ ጨመሩልኝ። እትዬ አስካለ ከገበያ ገብተው እንደዚያ ሲያገኙኝ ምን ሆኖ ነው ብለው እንኳ አልጠየቁም፤ ሺሺንዳ ላይ የጀመረውን እብደት ነው የጨረሰው ብለው አልፈውኝ ወደ ጓዳ ገቡ።

በመጨረሻ ጋሽ ወልዴ «ቀስ ብለህ ከፍ በል» አሉኝ። ከፍ አልኩ። ቀይዋ ፍሬ ከጉልበቴ ሥር ተንሸራታ ብቅ አለች፤ አንዲት ጥርስ አልጎደላትም። ጀርባዋ ላይ ገና ያ የተውኩት ሙጫ አለ። ጋሽ ወልዴ መዳፋቸው ላይ አስተኟት፣ እጃቸው ግን አልቆም አለ። ያኔ ጋሽ አደሎ አንጓቸውን ከሥር ያዙላቸው። በቡና ለቀማ የጠነከረው እጅ የሚንቀጠቀጠውን ይዞት፣ ሁለቱ አዛውንት በአንድ ጣት ሙጫዋን አሸት አሸት አድርገው አወረዱት። እኔ ውሃዬ እየተንጠባጠበ ቆሜ አየኋቸው። በሕይወቴ ብዙ ሠርቶ ማሳያ አይቻለሁ፣ እንደዚያ ያለ አላየሁም።

ስትደርቅ በቦታዋ ገባች። አራቱም ሞሉ። ጋሽ ወልዴ አይተዋት ሲጠግቡ፣ ጠገብኩ ማለት አይቻልም እንጂ፣ «አሁን ውሰዳት። ያንተ ቦታ ባዶ ቀረ እኮ» አሏቸው። ጋሽ አደሎ በሞትኩት አሉ። ጋሽ ወልዴ አፈር ስሆን አሉ። ተገዘቱ፣ ተኮራረፉ፣ ታረቁ። በመጨረሻ የተስማሙት ግማሹን ዓመት ቦንጋ ግማሹን ዓመት ዋጫ እንድትኖር ነው፤ ቴምብር የተሠራው እንዲሄድ ነውና። ማን ያመላልሳት ሲባል ሁለቱም ዞረው እኔን አዩኝ። እትዬ አስካለ ከጓዳ ሆነው እግዚኦ ሲሉ ተሰማኝ።

«ከሱ እጅ ያልጠፋች ከማንም እጅ አትጠፋም» አሉ ጋሽ ወልዴ።

ከዚያ ወዲህ መልእክተኛዋ እኔ ነኝ። የዋጫ ተራ ሲደርስ ጋሽ ወልዴ ቀይ ፍሬዋን ፖስታ ውስጥ ያስገቡና የደረት ኪሴ ውስጥ ያኖሯታል። የኪሱን ቁልፍ ራሳቸው ይቆልፋሉ፤ እጃቸው ይንቀጠቀጣልና ጊዜ ይወስድባቸዋል፣ ልርዳዎት ብል ግን አይወዱም። እኔም ቀጥ ብዬ እቆማለሁ። ከዚያ በር ድረስ ይሸኙኝና «ዞር በል» ይሉኛል። ለታላቅ ጀርባ መስጠት ነውር መሆኑን እሳቸውም እኔም እናውቃለን። እዞራለሁ። ሱሪዬን ከላይ እስከ ታች አይተው ሲጨርሱ «ሂድ» ይሉኛል።